ሦስት ምስር

ደሴ፣ ሐምሌ አጋማሽ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ለሽቦ፤

እንደ ድሮው «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ከዛ አፈርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው በምን አፉ ናፍቆት ያወራል? ብቻ ደህና ነኝ። ሱቋም አለች፣ እዛው ፒያሳ። እናቴም አለች። ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም። ዛሬም «ያ ቀጭኑ ልጅ የት ደረሰ?» ትለኛለች። አዲስ አበባ ነው እላታለሁ። «አዲስ አበባ ስልክ የለም እንዴ?» ትላለች። እኔ ዝም።

ቁጥርህን ከእህትህ ተቀብያለሁ። ሁለት ጊዜ ልደውል ብዬ ተውኩት። በስልክ የማይወጣልኝ ነገር አለ። እሱንም ቢሆን ቀጥታ አልናገረውም። ታውቀኛለህ፣ ዞሬ ነው የምመጣው።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ። አባቱ ከውጭ የሪሞት መኪና አመጣለት። በሦስተኛው ሳምንት ደወለልኝና «አጎቴ፣ መኪናዬ ሰይጣን ገባባት» አለኝ። እሁድ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። እዚህ ጉም ነበር፣ እጅ ያደነዝዛል። ሐረጎን ጨርሰህ ስትወርድ ጃኬትህን ታወልቃለህ። እሱ አልተለወጠም።

መኪናዋ ዘመናዊ ናት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የምትሠራ። ቀስ አድርገህ ስትነዳት ጨዋ ናት። ሙሉ ስትሰጣት ግን ተስፈንጥራ ሁለት ሜትር ትሄድና ቀጥ! መሪዋም አይታዘዝም። ሁለት ሰከንድ ቆይታ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ልጁ የጠረጠረው ሪሞቱን ነው። የሪሞቱን ባትሪ አራት ጊዜ ቀይሯል፣ አባቱን አክስሯል።

እኔም መጀመሪያ ተሸወድኩ። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን አውጥቼ የመኪናዋን ባትሪ ስለካ 7.9 ቮልት። 7.2 የተጻፈበት ባትሪ ይህን ካሳየህ ምን ትለዋለህ? ጤነኛ ነው አልኩ። የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨር ልፈታው ካቻቢቴ ሳነሳ ልጁ «መብራቶቹ ጠፉ» አለ። እውነትም የሪሲቨሩም፣ ጎማ ለሚያዞረው ዲናሞ ኃይል የሚመጥነው የስፒድ ኮንትሮሉም መብራት አብረው ድርግም ብለው ይመለሳሉ። ሲግናል ብቻ ቢጠፋ የስፒድ ኮንትሮሉን መብራት ምን አገባው? ሁለቱም አብረው ከጠፉ ያጡት ኃይል ነው።

መኪናዋን ግድግዳ አስደገፍኩና «ለቅጽበት ብቻ ስጣት» አልኩት። ቴስተሩን ባትሪውን ከመኪናዋ ከሚያገናኘው ጃክ ወዲህ፣ ባትሪው በኩል ሳደርገው 7 ቮልትን አይለቅም። ከጃኩ ወዲያ ሳደርገው 4 ምናምን። ሌባው ጃኩ ነው! ነጩ ፕላስቲክ ስገልጠው አንዷ ፒን ወደ ውስጥ ሸሽታለች፣ ዙሪያዋም እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። የጃኩ 0.2 ኦም እንቅፋት ምን አላት ትላለህ። ዲናሞው 15 አምፔር ሲስብ ግን 3 ቮልት ትበላለች። የበላችው ደግሞ የትም አልሄደም፣ 45 ዋት ሙቀት ሆኖ ፕላስቲኩን ጠብሶታል። ቴስተር ብቻውን ሲለካ ምንም አይስብም፣ ስለዚህ ሁሉም ደህና ይመስለዋል። ባዶ ማዳበሪያ ተሸክሞ ጉልበቴን እዩልኝ እንደሚል ሰው ነው።

ጃኩን ቆርጬ በአዲስ ቀየርኩት። አለቀ። ልጁ ግቢውን ሲያምሰው ዋለ።

የከበደኝ መመለሻው ላይ ነው። ሚኒባሱ ሽቅብ ሲያቃስት የእኔና የአንተ የድሮዋ የሪሞት መኪና ትዝ አለችኝ። የእኛዋ እንዲህ አትተኛም ነበር። ትንቀጠቀጥ ነበር እንጂ፣ ወባ እንደያዘው ሰው። ሆጤ ሜዳ ላይ ጋዝ ስንሰጣት የፊት ጎማዎቿ ሲርገፈገፉ ልጆቹ ሁሉ እንዴት እንደሳቁብን ታስታውሳለህ። እኔ በዛ ሁሉ ሰው ፊት «ሪሲቨሩን አቃጠልከው» አልኩህ። «ስትነካካ ነው» አልኩህ። ሌላም ብዬሃለሁ፣ አልደግመውም። አንተ ሪሞቱን ይዘህ ሄድክ፣ እኔ መኪናዋን ይዤ ቀረሁ።

ካርቶኗ እናቴ አልጋ ሥር ናት። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ቤት ዘግተን ወጥተን ስንመለስ ሱቋ ባዶዋን ቆየችን። ቴስተር የለ፣ ሬዲዮ የለ። ያቺን ካርቶን ግን የነካት አልነበረም፣ ማን የተሰበረ መጫወቻ ይፈልጋል።

ያን ማታ አወጣኋት። አቧራዋን ጠርጌ ዲናሞውን ፈታሁት። በባትሪ ብርሃን ሳየው ሁለቱ እግሮቹ ራቁታቸውን ናቸው። ቆርቆሮው ላይ ግን የድሮ የብየዳ ሊድ ጠብታ አለ፣ ተቆርጦ የቀረ ቀጭን እግር ያለበት። እዛ ላይ አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው።

ሽቦ፣ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

በዛው ሳምንት አንዲት እናት ሬዲዮ አምጥተው አልነበር? ለእሱ የሚሆን ሦስት ካፓሲተር አጣሁ። እሁድ ነው፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ። ከዲናሞው ላይ ሦስት ምስር የሚያካክሉ ቡናማ ካፓሲተሮች አየሁ፣ 104 የተጻፈባቸው፣ ልክ የምፈልጋቸው። ለዲናሞ ምን ይሠራሉ ብዬ ነቀልኳቸው። ሬዲዮው ዘፈነ፣ ሴትዮዋ መረቁኝ። በብሩ እኮ አንተና እኔ ፉል በላን! ለአንተ አልነገርኩህም። ደብቄ ሳይሆን ምንም ስላልመሰለኝ ነው። በኋላ መኪናዋ ስትታመም ግን ለአፍታም ትዝ አላሉኝም። ወይም ትዝ ብለውኝ አልፌያቸዋለሁ። እሱን እስካሁን ለራሴም አላጣራሁትም።

አሁን ስንት ዲናሞ ሠርቼ አውቀዋለሁ። ውስጡ ካርቦኑ በሚዞረው ኮሚውቴተር ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ይተኩሳል፣ እያንዳንዷ ብልጭታ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ናት። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ደግሞ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንዲት ምት ይጠብቃል፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ የምትረዝም፣ መሪውን ወዴት እንደሚያዞር የምትነግረው። በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የድሮ ሪሲቨር ያን ሁሉ ጫጫታ ከምቱ ጋር ቀላቅሎ ይሰማዋል። ሰርቮው ምን ያድርግ? አንዴ ግራ ይባላል፣ አንዴ ቀኝ። ሦስቱ ምስሮች ጫጫታውን እዛው ከመነሻው ያፍኑት ነበር። ሪሲቨሩ ምንም አልሆነም።

አንተ እኮ ያኔ ነግረኸኛል። የዲናሞውን ሽቦ ነቅለህ መሪውን ግራ ቀኝ አዞርክልኝና «እየው፣ ዲናሞው ሳይኖር ደህና ናት» አልከኝ። ከዛ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እኔ ግን እየጮህኩ ነበር። ይቅር በለኝ። በስልክ ያልወጣልኝ ይህ ነው።

ትናንት ምስሮቹን መለስኳቸው። አንዱን ከእግር እግር፣ ሁለቱን ከየእግሩ ወደ ቆርቆሮው። ቆርቆሮው መጀመሪያ ሊድ እምቢ አለኝ፣ ጠብታው እየተንከባለለ ይወድቃል። በሞረድ እስኪያበራ ፋቅኩት፣ ከዛ ያዘ። ፈጠን ማለት ነበረብኝ፣ ዲናሞ ብዙ ሙቀት አይወድም። የአንቴናዋንም ሽቦ ከዲናሞው ሽቦ አርቄ በሌላ ጎን አወጣኋት። ሳትቆረጥ፣ በቁመቷ ልክ። አንዴ ላሳጥራት ስል እጄን የመታኸኝ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ግን መፈተን አልቻልኩም። የእህቴን ልጅ ሪሞት ባመጣው ከእሷ ጋር አይግባቡም። ሪሲቨሯ ላይ ያለው፣ ጣቢያዋን የሚወስነው ክሪስታል 27.145 ሜጋኸርዝ ነው፣ ቢጫው። ጥንዱ ያለው አንተ ሪሞት ውስጥ ነው።

ካልጣልከው ፈልገው። ባትሪ ውስጡ ረስተህ ከሆነ አፍስሶ አረንጓዴ አውጥቶ ይሆናል። አብሽር፣ በሎሚ የራሰ ጨርቅ ጥረገው፣ ከዛ በደንብ አድርቀው። ጥለኸውም ከሆነ ጥያለሁ ብለህ ጻፍልኝ። እናቴ እንደሆነች ለሪሞቱ ግድ የላትም፣ ቡናው መቼ ይፈላ ነው የምትለው።

የድሮ ሸሪክህ