ስለላክኸው ጠርሙስ

ጅማ፣ ጥቅምት 20 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ መስከረም ጠብቶም አልለቀቀንም፤ አባትህ ጓሮ ያለችውን ቡና የት እንደሚያሰጣት ጨንቆት ሰማይ ሰማይ እያየ ይውላል። ዕቃው ደርሷል። ጫማው ልክክ ብሎለታል። የግፊት መለኪያውን ሰፈሩ እየተሰለፈ ይለካበታል፣ ጎረቤታችን ሐጂም ሳይቀሩ፤ ቤታችን ጤና ኬላ ሆኗል።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ጠርሙሱ ነው። በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ፣ አውቅሃለሁ። ወረቀት ግን ደግመህ ታነበዋለህ።

የላይኛውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበብኩት። ቫይታሚን ኤ፣ 7,500 ማይክሮግራም፣ ማለትም 25,000 ዩኒት፣ በቀን አንድ ፍሬ ይላል። ለአዋቂ ሴት በቀን የሚያስፈልገው 700 ማይክሮግራም ነው፣ ለወንድ 900። ጤነኛ አዋቂ በየቀኑ ቢወስደው ጉዳት አያመጣም የሚባለው ከፍተኛው መጠን ደግሞ 3,000 ማይክሮግራም፣ 10,000 ዩኒት ነው። ይህን አስቤ ሳልጨርስ ቀና ብል እህትህ አንዷን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ውኃ ልትቀዳ ተነስታለች። ለፀጉርና ለቆዳ ጥሩ ነው ብለህ የላክህላት መልእክት ደርሷታል።

ከእጇ ቀማኋት። አንተ የማታውቀው ነገር ስላለ ነው፤ አሁን እወቀው፣ ለአባትህ ግን ራሷ እስክትነግረው አፍህን ዝጋ። እህትህ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች።

እሷ ግን ዝም ብላ የምትቀማ አይደለችም። «እማዬ፣ አንቺ በዘመቻ ስትሰጪው የኖርሽው ቀይ ካፕሱል 200,000 አይደል? የኔ ልጅ ሁለቴ ወስዶ ምን ሆነ? ይሄ እኮ 25,000 ብቻ ነው» አለችኝ። የነርስ ልጅ እንዲህ ነው የምትሞግተው። ጥያቄዋ ደስ ስላለኝ ቁጣዬን ትቼ የልጇን የክትባት ካርድ አስመጣሁና ጀርባው ላይ በእርሳስ አሰላሁላት። ቀዩ ካፕሱል የሚሰጠው በስድስት ወር አንዴ ነው። 200,000ን ለ180 ቀን አካፍለው፤ በቀን 1,100 ዩኒት ገደማ ይወጣዋል። አንተ በቀን ሁለት ፍሬ እንደምትወስድ ነግረኸኛል። 50,000ን በ180 ቀን አባዛው፤ 9 ሚሊዮን ነው። በእኔ ካፕሱል 45 ፍሬ መሆኑ ነው! አዎ፣ አንተ የሁለት ዓመት ሕፃን አይደለህም፣ ሰውነትህ ይከብዳል። ግን 45 ጊዜ አትከብድም።

ቫይታሚን ሲ ቢበዛ በሽንት ይወጣል። ኤ ግን በቅባት የሚሟሟ ነው፤ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ጉበትን እንደ ጎተራ ቁጠረው። ሕፃኑ ጎተራው ባዶ ነው፣ አንዴ እንሞላለትና ስድስት ወር ሙሉ እየቆነጠረ ይኖርበታል። አንተ ሙሉ ጎተራ ላይ ጠዋት ማታ ትከምርበታለህ። ሲተርፍ ደም ውስጥ ይፈሳል፣ ጎተራውንም ራሱን ይጎዳዋል።

የእህትህ ነገር ከዚህም የከፋ ነው። ለነፍሰ ጡር የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው፣ እሱም እጥረቱ በጸናበት አገር፣ በቀን እስከ 10,000 ወይም በሳምንት እስከ 25,000 ዩኒት ነው። የላክህላት ፍሬ የሳምንቱን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሬቲኖል የሚባለው የኤ ዓይነት ሲበዛ የፅንሱን ፊት፣ ልብና አንጎል አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል፤ ብዙ ሴት ደግሞ በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ለዚህ ነው ልትወልድ በምትችል ሴት እጅ ይህ ጠርሙስ ሲገባ የሚያስፈራኝ። ዱለትም አምሯት ነበር፤ 100 ግራም የበሬ ጉበት ከ15,000 ዩኒት በላይ ስላለው እሱንም ከለከልኳት። ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

መድኃኒቱን የጠላሁት እንዳይመስልህ። ዳፍንት የያዛት ልጅ አይተህ አታውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ እኩዮቿ ሲሯሯጡ እሷ የናቷን ቀሚስ ይዛ ትቆማለች፣ መሶቡን በእጇ እየዳበሰች ነው የምታገኘው። ዝም ከተባለ የዓይኗ ብሌን ይቆስላል፣ ከቆሰለ ብርሃኑ አይመለስም። አልፍሬድ ሶመር የሚባል የዓይን ሐኪም ኢንዶኔዥያ ውስጥ ዳፍንት ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ አስተዋለ። በፈረንጆቹ 1986 የወጣው ጥናቱ ካፕሱሉን በስድስት ወር አንዴ በመስጠት የሕፃናት ሞት በሲሶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። እኛን መቀስ በአንገታችን አስሮ በየገጠሩ ያዞረን ይህ ነገር ነው።

የመቀሱ ነገር እስካሁን በእጄ አለ። ከ6 እስከ 11 ወር ላለው ሰማያዊው፣ 100,000 ዩኒት ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀዩ። ጫፉን ትቆርጠዋለህ፣ የልጁን ጉንጭ ቀስ አድርገህ ትይዝና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ትጨምቅለታለህ። ሙሉውን አታጎርሰውም፣ ይታነቃል። ለሚያለቅስ ልጅ አትጨምቅም፣ አፍንጫውን ይዘህም አታስገድድም፤ ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ከዚያ ካርዱ ላይ ትጽፋለህ። ማታ ቤት ስገባ እጄ በዘይት ተለቅልቆ ብዕር እንኳ ያንሸራትተኝ ነበር።

ይህን «ከዚያ ትጽፋለህ» የሚለውን በሰው ልጅ ነው የተማርኩት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዴዶ ወረዳ ውስጥ ዋርካ ሥር ሰልፍ ይዘን ስንሰጥ፣ ጠዋት የሰባት ወር ልጅ በናቱ እቅፍ መጣና ሰማያዊውን ሰጠሁት። ካርድ አልያዘችም፣ በኋላ እመዘግበዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ልጅ አያቱ አዝላው መጣች፤ ምራቷ ገበያ ስለዋለች አልተነጋገሩም። ልብሱ ተቀይሯል፣ እኔ ደክሞኛል፣ ዝናብ እየመጣ ነው። ደገምኩለት። አያቱ ከሄደች በኋላ የልጁ አንገት ላይ የነበረው ጥቁር ክር ትዝ አለኝ።

ሲመሽ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አስመልሶታል፣ ይነጫነጫል፣ እርግብግቢቱ ላይ እጄን ባሳርፍ ወደ ላይ ተነፍቷል። ሌሊቱን እዚያው እሳት ዳር ተቀምጬ አደርኩ፤ እናቱ ጡት ስታጠባው እኔ እርግብግቢቱን እዳስሳለሁ። በማግስቱ መጉደል ጀመረ፣ በሦስተኛው ቀን ልጁ ይስቅ ነበር። ያ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በሁለት ቀን የሚያልፍ ነው፣ መጽሐፉም እንዲያ ይላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ካርድ ሳላይ ለማንም ጨምቄ አላውቅም። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ቀን የሚሰጠው ለኩፍኝ ታማሚ ነው፤ እሱም በጤና ባለሙያ እጅ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ አባቴ። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ሦስት ጊዜ ከንፈርህን ቫዝሊን ቀባህ። ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛልም ብለኸኛል። ብርዱ ነው አልክ፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የከንፈር መሰንጠቅ፣ የቆዳ መድረቅና መላጥ፣ ራስ ምታት፣ የአጥንት ሕመም፣ የፀጉር መርገፍ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ የሚመጡ ናቸው። ለፀጉር ብሎ የጀመረ ሰው ፀጉሩ ሲረግፍ ጭራሽ ይጨምርበታል።

ስለ ብጉርህ ሐኪም ምን እንዳዘዘልህ አልነገርከኝም። አይሶትሬቲኖይን ከሆነ እሱ ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይወሰዱም። ዶክሲሳይክሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከሆነም ከዚህ ጋር ሲደረብ የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ዛሬውኑ አቁም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ጠርሙሱንና የምትውጠውን ሌላ ሁሉ ይዘህ፤ መልቲቫይታሚኑም ውስጥ ኤ አለ፣ ይደመራል። ስንት ወር እንደወሰድክ ሳታሳንስ ንገረው፣ የጉበት ምርመራ ያዝልሃል። ዓይንህ ከደበዘዘ፣ ነገር ሁለት ሁለት ከታየህ ወይም ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ከጸና ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ደግሞ በእሱ ፈንታ ቤታ ካሮቲን እንክብል እገዛለሁ እንዳትል። ሲጋራውን ትቻለሁ ያልከኝን ማመን እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት በ1994 ሲወጣ፣ ካሮቲኑን የዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከምግብ የሚገኘው ካሮቲን ሌላ ነው። ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ወደ ኤ ይለውጠዋል፣ ቢበዛ መዳፍህ ቢጫ ይሆናል እንጂ ጉበትህን አይነካም። ጎመን በዘይት ተቁላልቶ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ ያው አንተ በልጅነትህ ከሳህንህ ጫፍ የምትገፋቸው ሁሉ። እህትህንም አሁን በእነሱ ነው የያዝኳት፤ ከሂርማታ ገበያ የገዛሁት ዱባ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል።

የላክኸውን ጠርሙስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ ለማስወገድ ለማውቃት ፋርማሲስት እሰጣታለሁ። ልብህ እንዳይሰበር፤ አስበህልን ነው የላክኸው። ሌላ ጊዜ ግን የሚዋጥ ነገር ከመግዛትህ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ዕቃ ያመጣልን ሰው በኅዳር ሲመለስ ቡናና በርበሬ እልክልሃለሁ።

እሑድ እደውልልሃለሁ። የራስህን ጠርሙስ ከፊትህ አስቀምጠህ ጠብቀኝ፣ ስንት ፍሬ እንደቀረው አብረን እንቆጥራለን።

እናትህ