የአፍንጫ ጠብታ ስንሸጥ ቀኑንም እንንገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ክረምት ሲገባ በጉንፋኑ፣ በጥቅምት ደግሞ በአለርጂው ምክንያት ዛይሎሜታዞሊን የተባለው የአፍንጫ ጠብታ ብዙ ፈላጊ አለው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ሐኪም ሳያየው ነው።

መድኃኒቱ በልኩ ከተወሰደ ጥሩ ነው። አፍንጫ ውስጥ ያበጡትን የደም ሥሮች አጥብቦ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይከፍታል። ከሳምንት በላይ ሲደጋገም ግን የደም ሥሮቹ ይለምዱታል፤ ኃይሉ ባለቀ ቁጥር ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ። በሽተኛው «ጉንፋኑ አልለቀቀኝም» ብሎ ይጨምርበታል። ጉንፋኑ እኮ ከለቀቀው ቆይቷል፤ አሁን አፍንጫውን የሚደፍነው ጠብታው ራሱ ነው።

በቅርቡ አንድ ጎልማሳ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መጣና «እህቴ፣ እንደዚህ ያለው አላችሁ?» አለኝ። መቼ እንደጀመረው ስጠይቀው፣ «ከፋሲካ ወዲህ ያለ እሱ እንቅልፍ የለኝም» አለ። የደም ግፊት እንዳለበትም ያወቅሁት ጠይቄው ነው። ለግፊት በሽተኛ ይህ ጠብታ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ግን ማንም አልነገረውም። ማስጠንቀቂያው ያለው በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል በታተመው ወረቀት ላይ ነው።

የልጆቹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ለአዋቂ የሚሆነው 0.1 በመቶ፣ ለልጅ የሚሆነው 0.05 በመቶ ሲሆን፣ ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ በቀላሉ ይምታታሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የዚሁ ዘመድ የሆኑ የአፍንጫና የዓይን መድኃኒቶችን በስህተት የዋጡ ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ 96 ሕፃናትን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ መዋጥ የልብ ምትን ሊያዘገይና ሕፃኑን ራሱን ሊያስት ይችላል።

የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው ጠብታውን ከመስጠታችን በፊት ስለ ግፊት እንድንጠይቅና ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ «ከ5 ቀን በላይ አይጠቀሙ፤ ከልጆች ያርቁ» ብለን በአማርኛ እንድንጽፍ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይህ ማስጠንቀቂያ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ታትሞ እንዲለጠፍ አስመጪዎችን ቢያስገድድ በእኛ እጅ ጽሑፍ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ጠብታው አልለቅ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እብጠቱን የሚቀንስ ሌላ የሚረጭ መድኃኒት ስላለ ቀስ በቀስ ማቆም ይቻላል።

አንዲት ፋርማሲስት
ከአዲስ አበባ