ሬምስን ዘላችሁት!

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አውሮፕላን ታሪክ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ግን ከራይት ወንድማማቾች ተነስታችሁ በቀጥታ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባችሁ። ጉዱ ያለው እኮ መሀል ላይ ነው!

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1909 ፈረንሳይ ውስጥ ሬምስ ከተማ አጠገብ የተካሄደው የአንድ ሳምንት ትርኢት የመጀመሪያው ትልቅ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ውድድር ነበር። ዝናብ ሜዳውን ጭቃ በጭቃ አድርጎታል፤ ሰው ግን ጎረፈ። በረራ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በሚሰቀለው ባንዲራ ነበር፤ ጥቁር ከሆነ በቃ፣ የለም።

አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ ይዞ የመጣው አንድ አውሮፕላን ብቻ ነው። ቢሰበርበት አለቀለት። እናም ራሱን ቆጥቦ ቆየና ለፍጥነት ውድድሩ ለጎርደን ቤኔት ዋንጫ 20 ኪሎ ሜትሩን ከ16 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በርሮ፣ ከሳምንታት በፊት የእንግሊዝን ቻናል፣ ማለትም በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ያለውን ባሕር፣ ያቋረጠውን ሉዊ ብሌሪዮን በ6 ሰከንድ ገደማ ቀደመው፤ ያውም በሰውየው አገር! የከፍታውን ሽልማት ሁበርት ላታም የወሰደው 155 ሜትር ወጥቶ ነው። ዛሬ ያስቃል፤ የተቀመጡት ግን እንጨት፣ ሽቦና ጨርቅ ላይ ነበር። አንሪ ፋርማን ደግሞ በዚያው ዓይነት ነገር 180 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ከ3 ሰዓት በላይ።

በሚቀጥለው ሬሞንድ ደ ላሮሽን እንዳትረሷት አደራ። እ.ኤ.አ. በ1910 የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያው ዓመት ሬምስ ላይ ተከስክሳ ክፉኛ ተጎዳች፤ ሲሻላት ተመልሳ በረረች።

አንባቢያችሁ