የቤት ሰርቨር ለመገጣጠም ላሰባችሁ ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ቤቴ የማስቀምጠው ሰርቨር ልሥራ ነው። ፎቶና ቪዲዮዬን ይያዝልኝ፣ ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽንም ያስነሣልኝ። የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል?» እኛ ደግሞ «ስንት ቴራ ዳታ አለዎት? መብራት ሲጠፋስ?» ብለን ስንጠይቅ ግር ይላችኋል። ለምን እንደምንጠይቅ እናስረዳችሁ።

የቤት ሰርቨር ፕሮሰሰሩን ብዙም አያስጨንቀውም። ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በአንዱ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች ሆነው የሚሠሩት፣ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈተው ነው የሚውሉት። ቶሎ የሚያልቀው ራም ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ድርሻ ይይዛል፤ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ የተባለው ሶፍትዌርም ከተረፈው ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 6 ኮር ከ64 ጊጋ ራም ጋር፣ ባለ 16 ኮር ከ16 ጊጋ ራም ጋር ከሚሆን ይሻላችኋል። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱንም እዩ። ተዘግቶ የሚመጣ ማዘርቦርድ ብዙ ነው።

ዋናው ነገር ዲስክ ነው። 4 ባለ 8 ቴራ ዲስክ አላችሁ እንበል። አንድ ዲስክ ቢሞት ብቻ ዳታው እንዲተርፍ ካደረጋችሁት 24 ቴራ ታገኛላችሁ። ሁለት ቢሞቱም እንዲተርፍ ካደረጋችሁት 16 ቴራ ይቀራችኋል። ሰው 8 ቴራ ማጣት ያንገበግበዋል፤ እንረዳለን። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ የሠራነው አንድ ዲስክ ቢሞት ብቻ የሚተርፈውን ነበር። አራቱም ዲስኮች ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። በሦስተኛው ዓመት አንዱ ሞተ። አዲስ ተካን። የሞላ ባለ 8 ቴራ ዲስክ መልሶ ለመሙላት ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የቀሩት ሦስቱ ያን ሁሉ ሰዓት ያለ እረፍት ይነበባሉ። ሳያልቅ ሁለተኛው ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው የስድስት ሰርግ ቪዲዮዎች እዚያው ቀሩ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለትልልቅ ዲስኮች ሁለት ቢሞቱም የሚተርፈውን ብቻ እንሠራለን። ዲስኮቹንም በተለያየ ጊዜ ከመጣ ዕቃ እንቀላቅላለን።

ዲስክ ስትገዙ ሲኤምአር፣ ማለትም ትራኮቹን ሳይደርብ ጎን ለጎን የሚጽፍ፣ መሆኑን ጠይቁ። ኤስኤምአር የሚባሉት ትራኮቻቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ስለሚጽፉ፣ እንዲህ መልሶ መሙላት ሲመጣ እጅግ ይንቀራፈፋሉ። ቨርቹዋል ማሽኖቹን ግን ዳታ የምታስቀምጡባቸው ትልልቅ ዲስኮች ላይ አትጫኑ። ለእነሱ ሁለት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይበቃል። ሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ፕሮክስሞክስ የተባለ ሶፍትዌር ይህን ሁሉ በነፃ ይሠራላችኋል።

ይህም ሆኖ ዲስክ ቢሞት የሚተርፍ መሆኑ ባክአፕ (ለብቻ የተቀመጠ ቅጂ) አይደለም። በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁሉም ዲስክ ላይ እኩል ይጠፋል። ሌባ ቢገባም ሳጥኑን እንዳለ ነው የሚወስደው። ዳታውን አንድ ተነቃይ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ እህት ወይም ወንድማችሁ ቤት አስቀምጡ።

ስለ መብራት ደግሞ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ገዝቶ መሰካት ብቻ አይበቃም። ባትሪው የሚያቆየው ለደቂቃዎች ነው። በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት፤ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። እናንተ ሥራ ቦታ ሳላችሁ የሚያድናችሁ ይህ ገመድ ነው።

ያገለገለ የድርጅት ሰርቨር በርካሽ አግኝታችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አስቡ። 150 ዋት የሚበላ ማሽን በ30 ቀን 108 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 50 ዋት የሚበላው 36 ብቻ ነው። የፋኑ ጩኸትም አያስተኛም። ዲስኮቹን በራሱ የሚያደራጀው የሬይድ ካርዱ ደግሞ ዲስኮቹን ከዜድኤፍኤስ ይደብቃቸዋልና ሳትጭኑ በፊት አሳዩን።

ከዚህ በፊት ከእኛ አራት ዲስክ ያለው ሰርቨር የወሰዳችሁ፣ አንድ ዲስክ ቢሞት ብቻ የሚተርፈው ዓይነት ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጡት። የዲስኮቹን ጤንነት ያለ ክፍያ እናያለን። ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠን አደረጃጀቱን ስንቀይርም የእጅ ዋጋ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር