ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ ያልገባንን ፊልም «ትርጉም የለሽ» ከማለታችን በፊት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በባህል ገጻችሁ በቅርቡ የወጡ ሁለት ጽሑፎችን በጥሞና አንብቤያለሁ። አንደኛው ቅዳሜ ተጀምረው እሑድ ማታ የሚያልቁ ተከታታይ ድራማዎችን እያወደሰ የዘረዘረ ሲሆን፣ ሌላው ወጣ ያሉ አስፈሪ ፊልሞችን «መጨረሻቸው የማይጨበጥ፣ ትርጉም የለሽ» ብሎ በጥቂት መስመሮች ያሰናበተ ነው። የሁለቱም ጽሑፎች ጸሐፊ ድራማውንም ፊልሙንም የመዘነው በአንድ ሚዛን ነው፤ ሥራው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚለውን ጉጉት ምን ያህል ይቀሰቅሳል፣ ጉጉቱንስ በመጨረሻ ምን ያህል ያረካል በሚል። በእኔ እምነት ይህ ሚዛን ለአስፈሪው ፊልም ጨርሶ አይሆንም፤ ይባስ ብሎም ያወደሰውን ድራማ ራሱን ይጎዳዋል። ይህን የምለው ሁለቱንም ለብዙ ዓመታት በፍቅር የተከታተልኩ ተመልካች ሆኜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣ ያለ አስፈሪ ፊልም ስል ነፍሰ ገዳይ ጩቤ ይዞ የሚያሳድድበትን፣ ወይም ድንገተኛ ጩኸት ከመቀመጫ የሚያስፈነጥርበትን ዓይነት ማለቴ አይደለም። የምለው ዓለሙ ራሱ የታመመበትን ፊልም ነው። ይህ ደግሞ ትናንት የመጣ ፈሊጥ አይደለም። የሮበርት ቪነ «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» በ1920 ለእይታ ሲበቃ ግድግዳዎቹ ዘመው፣ መስኮቶቹ ተጣመው፣ ጥላና ብርሃኑ ሳይቀር በቀለም ተሥሎ ነበር፤ ድምፅ በሌለው በዚያ ፊልም ተመልካቹ ክፉው ሰው ገና ምንም ሳያደርግ ቤቱንና መንገዱን መፍራት ይጀምራል። ጃፓናዊው ሂደዎ ናካታ በ1998 በሠራው «ሪንጉ» ተመሳሳይ ስሜት የፈጠረው በሌላ ዘዴ ነው። ከጉድጓድ ወጥታ በቴሌቪዥን መስኮት በኩል ወደ ቤት የምትገባውን ሴት የተጫወተችው ተዋናይት ወደ ኋላ እንድትራመድ አድርጎ ቀረጸና ምስሉን ገልብጦ አሳየው። ዓይናችን ሴትዮዋ ወደ እኛ ስትመጣ ያያል፤ ሰውነታችን ግን እርምጃዋ የሰው እርምጃ አለመሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፣ ምክንያቱን መናገር ሳንችልም ፀጉራችን ይቆማል። እዚህ ላይ ቀጥሎ ስለሚሆነው የምንጠይቅበት ፋታ የለንም፤ የሚያስፈራው አሁን የምናየው ነው።

ጸሐፊው «ትርጉም የለሽ» ካላቸው ፊልሞች አንዱ በ1977 የወጣው የኖቡሂኮ ኦባያሺ «ሃውስ» ነው። ሰባት ልጃገረዶች በአንዲት አክስት ቤት እንግድነት ያርፋሉ፤ ቤቱም አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል፤ ፒያኖው እንኳ የምትጫወተውን ልጅ ከጣቷ ጀምሮ ይውጣታል። እርግጥ ነው፣ ለዚህ ሁሉ በቂ ምክንያት ፍለጋ የገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ይሁን እንጂ ኦባያሺ ብዙዎቹን ሐሳቦች ያገኘው ገና ትንሽ ከነበረች ልጁ ነው። ምን እንደሚያስፈራት ጠየቃት፤ የነገረችውንም በአዋቂ አእምሮ ሳያቃና ተጠቀመበት፤ በፊልሙም ላይ የታሪኩ ሐሳብ አመንጪ ተብላ ስሟ ሰፈረ። በጨለማ የተሰቀለ ካፖርት ሰው የሚመስለው ሕፃን ለምን እንደሚፈራ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ፍርሃቱ ግን ከአዋቂ ፍርሃት ያነሰ አይደለም። አክስቲቱ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያልተመለሰ እጮኛዋን ስትጠብቅ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። ጦርነት ያላዩ ልጆችን የሚውጠው ቤት በጦርነት የተቀማ ሕይወት ያረጀበት ቤት ነው ማለት ነው። ጸሐፊው የፈለገው ትርጉም እዚያው ፊት ለፊቱ ነበር፤ በንግግር ተተንትኖ ስላልቀረበለት ብቻ አለፈው።

ስለ አንድሬ ዙዋቭስኪ «ፖሴሽን» ትንሽ ሰፋ አድርጌ እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ የክርክሬ ዋና ምሰሶ እርሱ ነውና። ዙዋቭስኪ ይህን ፊልም የጻፈው የራሱ ትዳር ከፈረሰ በኋላ ነው፤ የቀረጸውም ከተማዋን ለሁለት በከፈለው ግንብ ጥግ፣ በምዕራብ በርሊን ነበር። ባልየው ከሥራ ጉዞ ሲመለስ ሚስቱ ትለየዋለች፤ እስከዚህ ድረስ በማንኛውም ተከታታይ ድራማ የምናውቀው ታሪክ ነው። ይህንኑ ታሪክ አሥር ክፍል ያለው ድራማ ቢይዘው ኖሮ በሁለተኛው ክፍል ውሽማ ይገለጥ ነበር፣ በአምስተኛው አሮጌ ምሥጢር ይወጣ ነበር፣ በዘጠነኛው እርቅ ይሞከር ነበር፤ እኛም ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነ እየፈረድን እናመሽ ነበር። ዙዋቭስኪ ግን ፍርዱን ከእጃችን ነጠቀን። ውሽማ ብለን የጠበቅነው ነገር ስም የሌለው ፍጡር ሆኖ ይገኛል፤ ሚስትየዋን የተጫወተችው ኢዛቤል አጃኒም ሰው በሌለበት የምድር ውስጥ መተላለፊያ ብቻዋን ሆና፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ እየጮኸችና ራሷን ከግድግዳ ጋር እያላተመች ደቂቃዎችን ታሳልፋለች። ያን ትዕይንት ያየ ሰው መለያየት ምን እንደ ሆነ መረጃ አያገኝም፤ ሕመሙ ራሱ በሥጋው ውስጥ ይገባበታል። አጃኒ በ1981 የካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ካስገኙላት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ፊልሙን ካየሁት ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም ባዶ መተላለፊያ ውስጥ ብቻዬን ስራመድ ትዝ የሚለኝ እርሱ ነው።

ወደ ተከታታይ ድራማው ልሻገር። ታሪክን ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ቆርጦ ማቆየት ጥንታዊና ክቡር ጥበብ ነው፤ ሻህራዛድ በሺህ አንድ ሌሊት ነፍሷን ያተረፈችው በዚሁ ነው፤ ቻርልስ ዲከንስም ከ1836 ጀምሮ አንባቢዎቹን ከወር ወር ያስጠበቀው በዚሁ ነው። በ1980 መጋቢት ወር «ዳላስ» የተሰኘው የአሜሪካ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርዩን በጥይት አስመትቶ ሲያበቃ፣ ተኳሹ ማን እንደ ሆነ የታወቀው በኅዳር ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል እውነተኛ ጊዜ ነበረ። ተመልካቹ ሥራውን ይሠራል፣ ይተኛል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፣ ታሪኩንም በራሱ ሐሳብ ይቀጥለዋል። ልብ አንጠልጣዩ መጨረሻ በዚያ ጊዜ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ነበር። ኔትፍሊክስ በ2013 የካቲት መጀመሪያ የ«ሃውስ ኦፍ ካርድስ» ድራማን የመጀመሪያ ምዕራፍ 13 ክፍሎች በአንድ ቀን ከለቀቀ በኋላ ግን መሻገሪያው ጊዜ ለብዙ ሥራዎች ጠፋ፤ ድልድዩ ብቻ ቀረ። የሚቀጥለው ክፍል እኛ ሳንነካው በሰከንዶች ውስጥ ይጀምራል። ጉጉታችን ማሰቢያ ቦታ አጥቶ መጎተቻ ገመድ ይሆናል፤ ደራሲዎቹም ይህን ስለሚያውቁ አንዳንድ ጊዜ አምስት ክፍል ይበቃው የነበረን ታሪክ በአሥር ይዘረጉታል።

ይህን በራሴ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። አንድ በእጅጉ የተወደሰ ድራማ በሁለት ሌሊት ጨርሼ፣ ከወር በኋላ አንድ ወዳጄ ስለ መካከለኛዎቹ ክፍሎች ሲጠይቀኝ፣ ሟቹ ማን እንደ ነበረ እንኳ ለማስታወስ ተቸገርኩ። ስሜቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። በ2017 የታተመ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አንድን ድራማ ለሦስት ቡድን ተማሪዎች አሳይቶ ነበር፤ ከፊሎቹ በአንድ ቀን፣ ከፊሎቹ በየቀኑ አንድ ክፍል፣ የቀሩት በየሳምንቱ አንድ ክፍል። በአንድ ቀን የጨረሱት በማግሥቱ ይዘቱን ከሁሉ በተሻለ ያስታውሱ ነበር፤ ከ140 ቀን በኋላ ግን ከሁሉ ይበልጥ የረሱት እነርሱ ሆኑ፤ ድራማውን የወደዱበት መጠንም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ልጫነው አልፈልግም፤ ነገር ግን በአንድ ቅዳሜና እሑድ መጨረስን እንደ ክብር ለሚቆጥር ዝርዝር ጥያቄ ማስነሳት ነበረበት።

ድራማውን በጅምላ እየኮነንኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። «ብሬኪንግ ባድ» ከ2008 እስከ 2013 በ62 ክፍሎች አንድ የኬሚስትሪ መምህር እንዴት ትንሽ በትንሽ ራሱን ለክፋት እንደ ሰጠ ያሳየበትን ጥልቀት የሁለት ሰዓት ፊልም ሊደርስበት አይችልም፤ ያም ሥራ ለመጀመሪያ ተመልካቾቹ በየሳምንቱ ነበር የቀረበው። ስለ ኑክሌር ጣቢያው አደጋ የሚተርከው፣ በ2019 የወጣው «ቼርኖቤል» ደግሞ ማቆሚያውን ያወቀ ሥራ ነው፤ አምስት ክፍል ብቻ። የአደጋውን መጨረሻ ሁላችንም እያወቅነው እንኳ እጃችን በላብ ይርሳል፤ ምክንያቱም ጠላቱ አይታይም፣ አይሸትም። የሙዚቃው ደራሲ ሂልዱር ጉድናዶቲር ድምፆቹን የቀረጸችው ሥራ ባቆመ የሊትዌኒያ የኑክሌር ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የምንሰማው ጉምጉምታ ከብረቱና ከኮንክሪቱ የወጣ ነው። ይህ ድራማ ከአስፈሪው ፊልም ብዙ የተማረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ መንገዶች ፊት ለፊት የተገናኙበት ግን «ትዊን ፒክስ» ነው። ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት በ1990 ድራማውን ሲጀምሩ ተመልካቹን የያዙት በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ላውራ ፓልመርን ማን ገደላት? ፈጣሪዎቹ መልሱን ለመስጠት አልቸኮሉም፤ ለእነርሱ ጥያቄው ታሪኩ የሚካሄድባትን ከተማ የተደበቀ ሐዘን የሚያበራ መብራት ነበር። የስርጭት ጣቢያው ግን ተጫናቸው፤ ገዳዩ በሁለተኛው ምዕራፍ ተገለጠ፤ ተመልካቹም ተበተነ፤ በ1991 ድራማው ቆመ። መልስ የተጠማው ተመልካች መልሱን ሲያገኝ ሄደ ማለት ነው፤ የጸሐፊያችሁ ሚዛን ይህን ታሪክ ሊያስረዳ አይችልም። በ2017 ድራማው በ18 ክፍሎች ሲመለስ ሊንች ለማንም ጫና አልተበገረም። ስምንተኛው ክፍል በ1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ ወደ ተደረገው የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ይወስደንና ካሜራው ቀስ እያለ ወደ እሳቱ ደመና ውስጥ ይገባል፤ ለረጅም ጊዜ የሚናገር ሰው የለም፤ የፖላንዳዊው አቀናባሪ የፔንደሬትስኪ ሙዚቃ ብቻ ይጮኻል። ቀጣዩ ክፍል የታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። እኔም ያን ክፍል ያየሁት በጊዜው ስለነበረ፣ ሁለቱን ሳምንታት ክፋት ወደ ዓለም በየት በኩል ይገባል እያልኩ ከረምኩ። ያን ጊዜ በሌላ የሰባት ሰዓት ድራማ አልለውጠውም።

ሊንች ስለ ሥራዎቹ ትርጉም ማብራሪያ ለመስጠት እስከ ዕለተ ሞቱ ፈቃደኛ አልነበረም፤ በ1977 ባወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ የታየውን ጨቅላ ከምን እንደ ሠራው እንኳ አልተናገረም። በንቀት ያደረገው አይመስለኝም፤ ለተመልካቹ የተወውን ድርሻ መልሶ መንጠቅ አልፈለገም።

ስለዚህ ለባህል ገጻችሁ ሁለት ልመና አለኝ። ተከታታይ ድራማ ስትገመግሙ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ከምትነግሩን ይልቅ የትኛው ክፍል ላይ አቁሞ ማደር እንደሚገባ፣ የትኛውም ክፍል ለብቻው ቢታይ ራሱን የቻለ ሥራ መሆን አለመሆኑን ንገሩን። ወጣ ያለ አስፈሪ ፊልም ስትገመግሙ ደግሞ ምን እንደ ታየና ምን እንደ ተሰማ ጻፉልን፤ «መጨረሻው ሲተነተን» የሚሉ ጽሑፎችን ለጊዜው ብታቆዩልን አንጎዳም። አስፈሪ ፊልም የማይስማማው ሰው እንዲያይ አላስገድድም፤ ያየውን ሰው ግን ያየውን በቅጡ እንዲነግረን መጠየቅ መብታችን ነው። ጸሐፊውም ፈቃዱ ቢሆን «ሃውስ»ን አንድ ምሽት ስልኩን አጥፍቶ እንደገና ቢያየው፣ የማንንም ትንተና ሳያነብ አድሮ በማግሥቱ ስለዚያች ቤቷ ውስጥ ሆና ስለምትጠብቅ አክስት ቢጽፍልን፣ ጽሑፉን በጉጉት አነብበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባህል ገጻችሁ የዘወትር አንባቢ