የእንግሊዝኛ ክበብ ዘንድሮ፦ የተረሱ ቃላት

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው ክርክር አካሂዷል፤ የስፔሊንግ ውድድርም ነበረን። ስለ እነሱ ብዙ አልልም። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን ከትምህርት በኋላ ክፍል ውስጥ ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ሰው የማይናገራቸው የድሮ የእንግሊዝኛ ቃላት።

ነገሩ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1611 ከታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አንዳንዶቹ ቤታቸው አላቸው። «ቲቸር፣ ይሄ ‹ዛው› የሚለው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ዛው» ማለት «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። «ዩ» ደግሞ በፊት ለብዙ ሰው ነበር። ቆይቶ አንድን የተከበረ ሰውም «ዩ» ማለት ተለመደ፤ አንቱታ መሆኑ ነው። ሰው ላለማስቀየም ሁሉንም «ዩ» ማለት ሲበዛ፣ «ዛው» ከአብዛኛው ሰው አንደበት ጠፋ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያለ ላደገ ልጅ ይህን ማስረዳት እንዴት ቀላል እንደሆነ ብታዩ!

እ.ኤ.አ. በ1603 ታዋቂው እንግሊዛዊ አሳሽና ጸሐፊ ሰር ዋልተር ራሌ በአገር ክህደት ተከሶ ፍርድ ቤት ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ሆን ብሎ «ዛው» እያለ ዘለፈው። ልጆቹ ይህን ችሎት ድራማ ሠርተው በሰልፍ ሰዓት አቀረቡት። ኮክን የሆነው ተማሪ ጣቱን ቀስሮ መጀመሪያ በአማርኛ «አንተ! አዎ፣ አንተ ነው የምልህ!» አለ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛው ደገመው። ሰልፉ በሙሉ ስድቡ ገባው። ኩዌከሮች የሚባሉት አማኞች ደግሞ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ለትልቁም ለትንሹም «ዛው» ይሉ ነበር። ለዚህም ብዙ ተጠልተዋል።

ዛሬ ቃሉ በብዛት የሚሰማው ጸሎት ላይ ስለሆነ የክብር ቃል ይመስላል። የቅርበት ቃል ነው እንጂ። ይህን ለጓደኞቿ ያስረዳችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ «እኛስ ‹ስምህ ይቀደስ› አይደል የምንለው? ‹ስምዎ› እንላለን እንዴ?» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

ሁለተኛው የልጆቹ ተወዳጅ «ጎሲፕ» ነው። ዛሬ ሐሜት ማለት ነው። ድሮ ግን የክርስትና አባት ወይም እናት ማለት ነበር፤ ቃሉ ከ«እግዚአብሔር» እና ከ«ዘመድ» የተገጠመ ነው። የእኛ «አበልጅ» እኮ ነው! ቀስ በቀስ የቅርብ ወዳጅ፣ በተለይም ወላድ ሊያግዙ የሚሰበሰቡ ሴቶች መጠሪያ ሆነ። በመጨረሻ ከሰዎቹ ወደ ወሬው ዞረ። ሴቶች ተሰብስበው ባወሩ ቁጥር ሐሜት ነው ማለት አንድን መልካም ቃል እንዲህ ማበላሸቱ ያናድዳል። ሴት ተማሪዎቻችንም በዚህ አጥብቀው ተከራክረዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። «ሚት» ሥጋ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ምግብ ነበር። «ገርል» ወንድም ሴትም ልጅ ይባልበት ነበር። «ናይስ» ደግሞ ቂል ማለት ነበር። ከነገ ወዲያ ለማለት «ኦቨርሞሮው» የሚባል ቃል ነበራቸው፤ ለምን እንደተዉት ልጆቹ እስካሁን አልገባቸውም። እኔም እቆጫለሁ።

ቃላቱን የምንጽፍበት ትልቅ ደብተር አለን። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከአገልግሎት በወጣ ቃል ፊት ትንሽ የጩቤ ምልክት ያደርጋል። የደብተራችን ጸሐፊም በቀይ እስክሪብቶ እንደዚያው ታደርጋለች። «ናይስ» ላይ ጩቤው ከቃሉ ፊት ሳይሆን ከድሮው ትርጉሙ ፊት መቀመጥ አለበት ብላ ቡድኑን ያሳመነችው እሷ ናት። ልክ ናት።

«ለፈተና ምን ይጠቅማል?» ያሉኝ ወላጆች ነበሩ። እነዚህ ቃላት ፈተና ላይ አይመጡም። ግን ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆች እዚህ እጃቸውን እያወጡ ተከራክረዋል። ከባድ ገጽ ሲገጥማቸውም ዘለው አያልፉም፤ መዝገበ ቃላት ይጠይቃሉ። ለእኔ የክበቡ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በሚቀጥለው ዓመት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገቡትን ቃላት እንጀምራለን። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መስከረም ላይ ተመዝገቡ።