የንባብ ክበባችን ዓመት፦ ከስኮትስ መጻሕፍት ጋር

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ ያነበበው ስለ ስኮትስ ቋንቋና ስለ ስኮትላንድ ባህል የተጻፉ መጻሕፍትን ነው። ገና ስንጀምር አንዲት እናት ጠየቁኝ፤ «መምህር፣ ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናመጣቸው አማርኛ እንዲያውቁልን ነው። ይሄ ደግሞ ምን ይሠራላቸዋል?» ጥያቄው የብዙ ወላጅ ስለሆነ ዘገባውን ከመልሱ ልጀምር።

ልጆቻችን የግላስጎው ልጆች ናቸው። በመጫወቻ ሜዳ፣ በአውቶቡስና በሱቅ የሚሰሙት ንግግር ክፍል ውስጥ ከሚማሩት እንግሊዝኛ ይለያል። እነሱም አቀላጥፈው ይናገሩታል። ምን ቋንቋ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» አሉኝ። ስሙ ግን ስኮትስ ነው። ከአፉ የሚወጣውን ንግግር እንዲያፍርበት የተነገረው ልጅ፣ ነገ በአማርኛውም ማፈሩ አይቀርም ብዬ አምናለሁ። መጻሕፍቱን የመረጥናቸው ለዚህ ነው። ደግሞም አማርኛውን አልተውነውም። ልጆቹ በስኮትስ ወይም በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ያነበቡትን ለጓደኞቻቸው በአማርኛ ይተርካሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ይጽፋሉ።

አንድ ነገር ቀድሞ ይጥራ። ስኮትስና ጌሊክ አንድ አይደሉም። ጌሊክ ከአይሪሽ ጋር የሚዛመድ የኬልት ቋንቋ ነው። ስኮትስ ግን ከእንግሊዝኛ ጋር ከአንድ ግንድ የወጣ፣ በቆላማው ስኮትላንድ ለብቻው ያደገ ቋንቋ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ስለ ስኮትስ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው እናገረዋለሁ ብሏል።

ትንንሾቹን በልጆች መጻሕፍት ጀመርናቸው። «ኢቺ ኩ» የሚባለው የመጻሕፍት ማሳተሚያ ከ2002 ጀምሮ ለልጆች በስኮትስ ያሳትማል። «ግሩፋሎ» በ2012፣ የመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» ደግሞ በ2017 በስኮትስ ወጥተዋል። ታሪኮቹን ልጆቹ ድሮም ያውቋቸዋል። አዲስ የሆነባቸው የሰፈራቸውን ንግግር ታትሞ ማየት ነው። ጮክ ብለው ሲያነቡ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። አንድ ቅሬታ ግን ነበራቸው፤ ያው ቃል በአንዱ መጽሐፍ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ይጻፋል። እውነታቸውን ነው። ስኮትስ ሁሉም የተስማማበት አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት የለውም፤ ለጀማሪ አንባቢም ይሄ ከባድ ነው።

ትልልቆቹ ወደ ታሪኩ ገቡ። በ1370ዎቹ የአበርዲን ሊቀ ዲያቆን የነበረው ጆን ባርበር የስኮትላንዱን ንጉሥ የሮበርት ብሩስን ገድል በስኮትስ በረጅም ግጥም ጽፏል። በ1513 ደግሞ ጋቪን ዳግላስ የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን «ኤኔይድ» የተባለ ረጅም ግጥም ሙሉውን ወደ ስኮትስ መልሶ ጨረሰ። ይህን ሲሰሙ አንዷ ተማሪ «ታዲያ መቼ ነው የተበላሸ የተባለው?» አለች። ለብዙ ሳምንታት የተወያየነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

መልሱ አንድ ቀን ብቻ የሚጠቀስበት አይደለም። በ1560 ስኮትላንድ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ስትዞር በየቤተ ክርስቲያኑ የተነበበው መጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛው ነበር። በ1603 ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝንም ዘውድ ወርሶ ቤተ መንግሥቱን ወደ ለንደን አዛወረ። በ1707 የስኮትላንድ ፓርላማ ከእንግሊዙ ጋር ተዋሃደ። ከ1872ቱ ሕግ በኋላ ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ክፍል ውስጥ በስኮትስ የመለሰ ልጅ ይገረፍ ነበር። ልጆቹ በጣም የተቆጡት እዚህ ላይ ነው። እኔም አብሬያቸው ተቆጥቻለሁ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ልቤን የነካው የዊልያም ሎሪመር ሐዲስ ኪዳን ነው። ሰውዬው በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ነበር። በስተእርጅናው ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክኛው በቀጥታ ወደ ስኮትስ ተረጎመ። ታትሞ ሳያየው በ1967 ዐረፈ። ረቂቁን አስተካክሎ በ1983 ለኅትመት ያበቃው ልጁ ሮቢን ነው። አባት የጀመረውን ልጅ ሲጨርሰው ማየት ለክበባችን ልጆች ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ተጨማሪ ክፍል፣ ጌታ በምድረ በዳ ሲፈተን ዲያብሎስ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ይቺን ክፍል ደጋግመው አነበቧት።

ጥር ላይ የስኮትላንዱን ገጣሚ የሮበርት በርንስን ልደት አከበርን። ወላጆች ሃጊስ አዘጋጅተውልን ነበር፤ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር የሚበስል ነው። እናቶች ቀምሰው «ይሄማ የነሱ ዱለት ነው» አሉ። በጸደይም በአላወይ የተወለደበትን ጎጆ ጎበኘን። አባቱ በገዛ እጁ የሠራው የሣር ክዳን ቤት ነው።

ስለ በርንስ ስናወራ ግን አንድ ነገር እንዳይዘለል ፈልጌ ነበር። በ1786 በኪልማርኖክ የመጀመሪያ መጽሐፉ 612 ቅጂ ሲታተም፣ እሱ ወደ ጃማይካ ለመሄድ እየተሰናዳ ነበር። ሥራው ባሮች በሚሠሩበት እርሻ ላይ ነው። መጽሐፉ ባይሸጥለት ኖሮ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ ግጥሞቹን ወደዷቸው፤ ይህንንም ማወቅ መብታቸው ነው። አንዳንዶቹ አዘኑበት። አንዱ ልጅ «ግጥሙን እወደዋለሁ፣ እሱን ግን ገና አልወሰንኩም» ብሎ ጽፏል። ጥሩ አንባቢ እንዲህ ነው።

በጸደይ የሠራነው ሥራ ቃላት መሰብሰብ ነው። ሐሳቡን ያገኘነው ከመዝገበ ቃላቱ ታሪክ ነው። ጆን ጄሚሰን የሚባል ቄስ በ1808 ትልቅ የስኮትስ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በኋላ ደግሞ ከ1931 እስከ 1976 ድረስ 10 ቅጽ ያለው ብሔራዊ መዝገበ ቃላት ተዘጋጀ። ፈቃደኞች ከየአካባቢያቸው ቃል እየለቀሙ ይልኩ ነበር። የኛም ልጆች ከጎረቤት፣ ከአውቶቡስ ሹፌር፣ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኞች ቃል ለቀሙ። ማን እንደተናገረውና የት እንደሰሙት ጭምር በደብተር ጻፉ። ለትርጉሙ አማርኛ፣ ለአነባበቡ ፊደላችንን ተጠቀሙ። ከጉሮሮ የሚወጣውን የስኮትስ ድምፅ በ«ኽ» ጻፉት። ትግርኛ የሚናገሩ ወላጆች ያሏቸው ልጆች ደግሞ አጠራሩን ለሌሎቹ አስተማሩ።

በ2025 የስኮትላንድ ፓርላማ ለጌሊክና ለስኮትስ ሕጋዊ ዕውቅና የሚሰጥ ሕግ አጽድቋል። ዜናውን ስናነብ «በፊት ሕጋዊ አልነበረም እንዴ?» ያሉ ልጆች ነበሩ።

ዓመቱን የዘጋነው በጄምስ ብሩስ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ ግሽ ዓባይ ዘልቋል። የጉዞውን ታሪክ በ1790 በ5 ቅጽ አሳትሟል። መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ በርካታ የግዕዝ ብራናዎችንም ይዞ ተመልሷል። ከነዚያ መካከል መኃልየ መኃልይን በአማርኛ፣ በአገውኛና በጋፋትኛ ያስጻፈበት ይገኛል። ጋፋትኛን ዛሬ የሚናገረው የለም። ከዚያ ቋንቋ ከቀሩልን ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ይኸው በኦክስፎርድ የሚቀመጠው ብራና ነው። የቃላት ደብተራቸውን በእጃቸው ይዘው ይህን የሰሙ ልጆች ሥራቸውን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን አይተውታል።

ብሩስ የተቀበረው በላርበርት ነው። ከግላስጎው በባቡር ቅርብ ስለሆነ በመጪው ዓመት እንሄዳለን። የቃላት ደብተሩም ይቀጥላል፤ ከጌሊክ የተተረጎሙ ተረቶችንም እንጨምራለን። በሚቸል ቤተ መጻሕፍት ላገዙን ሠራተኞች፣ ሃጊሱን ላዘጋጁልን ወላጆችና አብረውን አላወይ ለተጓዙት አባቶች ምስጋናችን የላቀ ነው። ቤታችሁ የተቀመጠ የስኮትስ ወይም የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ካለ አምጡልን። ክበቡ እንደተለመደው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ይገናኛል። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ ሁሉ መመዝገብ ይችላል።